ዘመድ፣ መሬትና ከተማ፦ የጎጃም ደጋ ሰው የት ይኖራል? ለምንስ እዚያ?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ክፍል ልትከራይ የመጣች የገጠር ተማሪ ከአከራይዋ የሚገጥማት የመጀመሪያ ጥያቄ የገንዘብ አይደለም። «ልጄ፣ የማን ልጅ ነሽ? ከየት ነው የመጣሽው?» ይሏታል። ከአምበር ወይም ከሮብ ገበያ መሆኗን ተናግራ፣ ከተማው ውስጥ የሚታወቅ አጎት ወይም የአክስት ልጅ ከጠራች ነገሩ በዚያው ያልቃል። የምትጠራው ሰው ከሌላት ባዶው ክፍል «ተይዟል» ሊባል ይችላል። ልጅቱን ወደ ከተማ ያመጣት ትምህርት ነው። በምታድርበት ግቢ ምርጫ ላይ ግን ብዙ እጅ ገብቶበታል፤ ዘመዷ አለበት፣ የአከራይዋ ጥርጣሬ አለበት፣ አባቷ በገበያ ቀን ስንቅ ጭኖ የሚመጣበት መንገድም አለበት።

ሰው የት ይኖራል፣ ለምንስ እዚያ ይኖራል የሚለው ጥያቄ በዓለም ላይ ብዙ ተጽፎበታል። የጂኦግራፊ ተመራማሪው ራቨንስታይን እ.ኤ.አ. በ1885 የብሪታንያን የሕዝብ ቆጠራ መርምረው፣ ቀዬውን የሚለቅ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሩቅ እንደማይሄድና ከገጠር ወደ ትንሽ ከተማ፣ ከትንሹ ወደ ትልቁ ደረጃ በደረጃ እንደሚጓዝ ጻፉ። ከእርሳቸው በኋላ የመጡ የምጣኔ ሀብት ሰዎች ጉዳዩን ወደ ደመወዝ አጠበቡት። ሰው ገቢው ወደሚሻልበት ይሄዳል፤ አለቀ። እ.ኤ.አ. በ1957 ማይክል ያንግና ፒተር ዊልሞት ስለ ምሥራቅ ለንደን ያሳተሙት መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ነቀነቀው። ቤትናል ግሪን ከሚባለው የሠራተኞች ሰፈር ወደ አዲስ የመኖሪያ መንደር የተዛወሩ ቤተሰቦች የተሻለ ቤት አገኙ፤ በየቀኑ እየሄዱ ያዩዋት ከነበረችው እናታቸው ግን ተለዩ። በዘመናችን ደግሞ በኔዘርላንድ የግሮኒንገን ዩኒቨርሲቲዋ ክላራ ሙልደርና ባልደረቦቻቸው፣ ወላጁ ወይም ልጁ በቅርብ የሚኖር ሰው አካባቢውን የመልቀቅ ዕድሉ ዝቅተኛ መሆኑን ደጋግመው አሳይተዋል።

እነዚህን ጥናቶች ጎጃም ላይ ላስቀምጥ የሚል ሰው አንድ ነገር ይጎድልበታል። የተሠሩት መሬትና ቤት እንደ ማንኛውም ንብረት በሚሸጥበት አገር ነው፤ በዚያ ዘመድ የስሜት ጉዳይ፣ ከተማ ደግሞ የገበያ ጉዳይ ተደርገው ሊለኩ ይችላሉ። እኛ ዘንድ የገጠር መሬት አይሸጥም፤ የሚገኘው በመወለድ፣ በመጋባት፣ በመጦር ወይም በመንግሥት ድልድል ነው። ስለዚህ በዘመድና በከተማ መካከል ሁልጊዜ መሬት አለ። ይህን የረሳ ትንታኔ የጎጃምን ሰው አካሄድ ሊያስረዳ አይችልም። ዘመድ ሰውን ከቀዬው ሲያስነሣ አላየሁም፤ የሚያስነሣው መሬት ነው። ዘመድ የሚያውቀው አቅጣጫውን ነው።

ነገሩን ከርስት መጀመር ያስፈልጋል። በጎጃም ደጋ ርስት የሚቆጠረው በአባት ብቻ አልነበረም። በእናትም በአባትም፣ በአያትም በቅድመ አያትም በኩል ወደ ኋላ ተቆጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ወደ ያዘው ዋና አባት የደረሰ ሁሉ፣ ወንድም ይሁን ሴት፣ ድርሻ የመጠየቅ መብት ነበረው። አሜሪካዊው የአንትሮፖሎጂ ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ደጋ ዳሞት ውስጥ ተቀምጠው ይህን ሥርዓት አጠኑት፤ እ.ኤ.አ. በ1973 ያሳተሙት መጽሐፍ እስከ ዛሬ ዋቢ ሆኖ ይጠቀሳል። በጥናታቸው ውስጥ ለእኛ ጥያቄ ትልቅ ክብደት ያለው ጉዳይ አለ። የአንድ ዋና አባት ተወላጆች አንድ ሰፈር ተሰብስበው አይኖሩም ነበር። አንድ ሰው የብዙ ዋና አባቶች ልጅ ስለሆነ በብዙ ቦታ ሊጠይቅ ይችላል፤ ሁሉም ቦታ ግን በአንድ ጊዜ ሊኖር አይችልም። ስለዚህ ይመርጣል። በአባቱ ወገን የጠበበው ወደ እናቱ ወገን ይሄዳል፤ እዚያም የወገኑ ርስት ተወካይ የሆነው ፈጅ ፊቱን ካዞረበት በሚስቱ ርስት ይገባል። ዛሬ «ዘመዱ ባለበት ይኖራል» የምንለው ሰው ያን ጊዜ ከብዙ ዘመዶቹ መካከል የትኛው ዘመድ እንደሚያዋጣው አስልቶ የሚኖር ነበር።

ከዚህ የተነሣ የትውልድ ቆጠራ የሚያውቅ ሽማግሌ በጎጃም ትልቅ ሰው ነበር። ሰባት ቤት ወደ ኋላ መቁጠር የሚችል ሰው መሬት ያገኛል ወይም ያስገኛል፤ ሙግቱም ማለቂያ አልነበረውም። «ርስት በሺህ ዓመቱ ለባለቤቱ» የሚባለው የምኞት አነጋገር አልነበረም። ሰው አያቱ ትቶት የሄደውን አገር ፈልጎ ሄዶ፣ ተሟግቶ፣ ጎጆ ቀልሶ ይኖር ነበር። የዘር ሐረግ ማለት በአንድ በኩል ሰው ሊኖርባቸው የሚችሉ ቦታዎች ዝርዝር ነበር ማለት ይቻላል።

ይህን ስል ርስትን ለማሞገስ አይደለም። ጉልበት፣ ሹመትና አንደበት የሌለው ሰው በሕግ ያለውን ድርሻ በተግባር አያገኝም ነበር። ሸማኔው፣ ቀጥቃጩና ፋቂው፣ በአብዛኛውም ሙስሊሙ፣ ከርስት ውጭ ነበሩ። የጎጃም ከተሞች የመጀመሪያ ነዋሪዎች እነማን እንደነበሩ ለሚጠይቅ መልሱ ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከሹማምንቱና ከካህናቱ ጎን ነጋዴው፣ የእጅ ባለሙያው፣ ጠላና ጠጅ ሻጯ፣ ከባሏ የተፋታችው ሴት ነበሩ። ከተማ ርስት የሌለው ሰው የሚኖርበት ቦታ ነበር። ገበሬው ከተሜውን «አገር የሌለው» እያለ የሚንቀው በዚህ ምክንያት ነው፤ ንቀቱ ዛሬም ጨርሶ አልጠፋም።

በ1960 ዓ.ም. የጎጃም ገበሬ አዲሱን የእርሻ ገቢ ግብር ተቃውሞ በሞጣ፣ በቢቸናና በዳሞት ሲነሣ ከግብሩ ይልቅ ያስፈራው መሬቱ ይለካል የሚለው ወሬ ነበር። መሬት ከተለካና በሰው ስም ከተመዘገበ፣ የሐረጉ ሁሉ መጠባበቂያ የነበረው መብት በአንድ ባለ ስም ላይ ሊቀር ነው። መንግሥት ገዥውን ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴን አንሥቶ ግብሩንም ተወው። ያኔ ገበሬው የፈራው ነገር ግን ሰባት ዓመት ቆይቶ በሌላ መንገድ መጣ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ለደቡቡ ጭሰኛ ነፃነት ነበር። ለጎጃም ግን የዘር ሐረግን ከመሬት ለየው። መሬት የሚሰጠው በዚያ ቀበሌ የሚኖር ገበሬ ነው ተባለ፤ አያቱ ማን እንደሆኑ የሚጠይቅ የለም። ቀድሞ ከተማ የሚኖር ጸሐፊ፣ ወታደር ወይም ነጋዴ በአገር ቤት ያለውን ርስቱን በዘመዱ እያሳረሰ እህሉን ይቀበል ነበር። ይህ ቀረ። ከተሜው ከገጠሩ ጋር የሚያገናኘው መሬትም ዘመድም ነበረው፤ ከአዋጁ በኋላ ዘመድ ብቻ ቀረው። በእኔ ግምት የደብረ ማርቆስና የአካባቢዋ ቤተሰቦች ዛሬ የሚኖሩበትን ሁኔታ ለመረዳት ከዚህ የሚበልጥ መነሻ የለም። ዘመድ ቀድሞ የመሬት በር ነበር፤ አሁን የከተማ ማደሪያ ሆነ።

ደርግ ሰውን በማስፈር ያደረገውን በአጭሩ ማለፍ ይቻላል። በ1970ዎቹ መጨረሻ በመንደር ምሥረታ ገበሬው ከየጎጡ ተነሥቶ በተሰመረ መስመር ቤት እንዲሠራ ታዘዘ። በ1982 ዓ.ም. መንግሥት የቅይጥ ኢኮኖሚ ፖሊሲ ሲያውጅ ገበሬው ቤቱን አፍርሶ ማገሩንና ክዳኑን ተሸክሞ ወደ ጎጡ ተመለሰ። ማሳው፣ ከብቱ፣ ምንጩና ወንፈል የሚጋባው ሰው ሁሉ እዚያ ነበርና።

ከዚያ የመጣው የ1989 ዓ.ም. ሽግሽግ ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። የአማራ ክልል በምሥራቅና በምዕራብ ጎጃም መሬትን እንደገና ሲያከፋፍል በደርግ ጊዜ በቀበሌ አመራር ላይ የነበሩትን «ቢሮክራት» ብሎ ከ4 ጥማድ፣ ማለትም ከ1 ሄክታር ገደማ፣ በላይ እንዳይይዙ አደረገ። ከእነርሱ የተነጠቀው ትርፍ ለሌሎች ተሰጠ። የፖለቲካ ቂሙ ለብቻው ብዙ ያጽፋል። ለመኖሪያ ጥያቄያችን ዋናው ነገር ግን ከዚያ በኋላ እንደዚያ ያለ ድልድል አለመደረጉ ነው። በዚያ ዓመት ሕፃን የነበረ ዛሬ የልጆች አባት ነው፤ ከመንግሥት የደረሰው መሬት ግን የለም። መሬት ቢያገኝ ከእናት ከአባቱ ተቆርሶ ነው። አራትና አምስት ልጅ ያላቸው ወላጆች 4 ጥማድ ስንት ቦታ ሊቆርሱት ነው?

ሕጉም ለሚቀርና ለሚሄድ ልጅ እኩል አልነበረም። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456 የቤተሰብ አባል ብሎ የተረጎመው ከባለ ይዞታው ጋር በቋሚነት የሚኖርንና መተዳደሪያውን የሚጋራን ሰው ነው። ከአንድ እናት ከተወለዱ ሦስት ልጆች አንዱ አዲስ አበባ፣ አንዷ ደብረ ማርቆስ ቢሆኑና ትንሹ ቤት ቢቀር፣ ያ ሕግ ፊቱን ወደ ትንሹ ያዞር ነበር። ሥጋ ሳይሆን አብሮ መኖር መብት ሆነ። የጎጃም ሰው ይህን ከሕጉ በፊት «ጧሪ ቀባሪ» በሚለው ልማድ ያውቀዋል። ልጅ የሌላት ወይም ልጆቿ የተበተኑባት አሮጊት የእህቷን ልጅ ታስጠጋለች፤ እርሱ ያርስላታል፣ ይጦራታል፣ ስትሞት ይቀብራታል፤ መሬቱም የእርሱ ይሆናል። ከዚያ ልጆቿ ከከተማ መጥተው ክስ ይመሠርታሉ። ያስጠጋችው ዘመድ ስለሆነ ነው ወይስ መሬት ስላላት ነው ዘመድ የተጠጋት? ሁለቱን መለየት የሚችል ሰው አላገኘሁም፤ መለየቱም የሚጠቅም አይመስለኝም።

በ1995 ዓ.ም. በምሥራቅ ጎጃም አዲስና ጉሊት ቀበሌ በሙከራ የተጀመረው የይዞታ ደብተር ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ አሰፈረው። የባልና የሚስት ስም አብሮ መጻፉ ለሴቶች ትልቅ ለውጥ ነው። ቀድሞ ባሏን የፈታች ሴት በባሏ ጎጥ የምትቀመጥበት ምክንያት አልነበራትም፤ ደብተሩ ቢያንስ የክርክር መሠረት ሰጣት።

ሴቶችን በተመለከተ ደግሞ ስለ ፍልሰት የተጻፈው አብዛኛው ነገር አንድ ነገር ይዘነጋል። በጎጃም መጀመሪያ ከቀዬዋ የምትንቀሳቀሰው ሴት ናት። እስከ ሰባት ትውልድ የሚዛመድ አይጋባም በሚለው ደንብ ምክንያት ሙሽራ ከራስ ጎጥ፣ ብዙ ጊዜም ከራስ ደብር አትገኝም። ልጅቱ ወንዝ ተሻግራ፣ በባሏ ወላጆች ጎን ጎጆ ትወጣለች። ይህን «ፍልሰት» ብሎ የሚመዘግበው ስለሌለ የማይንቀሳቀስ ሕዝብ ይመስለናል። ትዳሩ ካልሰመረ ወደ አባቷ ቤት ትመለሳለች፤ እዚያ መሬቱ ለወንድሞቿ ተቆርሶ ካለቀ ቀጣዩ ማረፊያ ከተማ ነው። በ1999ኙ የሕዝብ ቆጠራ ደብረ ማርቆስ 62,497 ነዋሪ ነበራት፤ ከእነዚህ 32,576ቱ ሴቶች፣ 29,921ዱ ወንዶች ናቸው። ከ2,600 በላይ የሆነው ይህ ልዩነት በአጋጣሚ የመጣ አይመስለኝም።

እዚህ ላይ ለዘመድ ንድፈ ሐሳብ የማይመች አንድ የጎጃም ልማድ አለ፤ የቆሎ ተማሪ። ቅኔ ሊማር ዲማ ጊዮርጊስ፣ ዋሸራ ወይም ጎንጅ የሚሄድ ልጅ ሆን ብሎ ከዘመድ ይርቃል። እናቱ አቅራቢያ ያለ ተማሪ ትምህርት አይገባውም ይባላል። ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን ይዞ፣ በማያውቁት ሰዎች ደጅ እየለመነ ይማራል፤ ጎጆውን ከመሰሎቹ ጋር በደብሩ አጠገብ ይሠራል። ማኅበረሰቡ ለብዙ መቶ ዓመታት ዘመድ የሌለውን ልጅ የሚያኖርበት የታወቀ መንገድ ነበረው ማለት ነው። ዘመናዊው ትምህርት ቤት ተማሪውን ከገጠር ሲጠራ ለማደሪያው ምንም አላሰበም፤ ስለዚህ ሸክሙ አክስትና አጎት ላይ ወደቀ።

አሁን ወደ ከተማዋ። መንቆረር ትባል የነበረችው ደብረ ማርቆስ ስሟን ያገኘችው ከቅዱስ ማርቆስ ቤተ ክርስቲያን ነው። በ1873 ዓ.ም. ንጉሥ ተብለው የነገሡት ተክለ ሃይማኖት ግቢያቸውን ያደረጉባት፣ ከዚያም ልጃቸው ራስ ኃይሉ የገዙባት መናገሻ ነበረች። በእንዲህ ያለ ከተማ ሰው የሚሰፍረው በጌታው ነው። አዲስ አበባ «ራስ ካሳ ሰፈር»፣ «ደጃች ውቤ ሰፈር»፣ «ሠራተኛ ሰፈር» እያለች የያዘችው ስም የዚያ ምልክት ነው። በኋላ ደብረ ማርቆስ የጠቅላይ ግዛቱ መቀመጫ ሆና ቢሮ፣ ሆስፒታልና ትምህርት ቤት አገኘች፤ ከአገሩ ሁሉ የመጣ ሠራተኛ ተቀመጠባት። የአማራ ክልል መዲናነት ለባሕር ዳር ሲሆን ከተማዋ ለረጅም ጊዜ ተኝታ ቆየች። በ1987 እና በ1999 ቆጠራዎች መካከል ባሉት 12 ዓመታት ያደገችው ከ49,297 ወደ 62,497 ብቻ ነው። ከ1999 ወዲህ ቆጠራ አልተካሄደም፤ የዛሬው ሁሉ ግምት ነው።

ከተማው በሰው መኖሪያ ላይ ያለውን ኃይል በሦስት ቤቶች ማየት ይቻላል፤ የቀበሌ ቤት፣ ሰርቪስ ቤትና የማኅበር ቤት።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤትን የመንግሥት ሲያደርግ የቀበሌ ቤት ተወለደ። ኪራዩ የዳቦ ዋጋ ያህል ስለሆነ የያዘ አይለቅም። እናት ስትሞት አብሯት ይኖር የነበረ ልጅ ይተካል፤ ስለዚህ አንዱ ልጅ ሁልጊዜ እናቱ ቤት መቅረት አለበት። አግብቶም እዚያው በመጋረጃ ከፍሎ ይኖራል። ከውጭ ለሚያይ ይህ የቤተሰብ ፍቅር ነው፤ ፍቅሩ ባይጠፋም የያዘው ኪራዩ ነው። ገጠር አብሮ መኖር መሬት እንደሚያስገኝ ሁሉ ከተማም አብሮ መኖር ቤት ያስገኛል።

ሰርቪስ ቤት የዩኒቨርሲቲው ልጅ ነው። የደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ በ1999 ዓ.ም. ማስተማር ሲጀምር ከሌላ አካባቢ የመጣ መምህርና ሠራተኛ ቤት ፈለገ፤ ባለ ግቢው ሁሉ በአጥሩ ጥግ አንድ ረድፍ ክፍል ሠራ። ይህ ለከተሜው ገቢ ሆነ። ለገጠር ተማሪ ግን ኪራዩን ሰቀለበት። የዛሬው መፍትሔ የታወቀ ነው፦ ከአንድ ጎጥ የመጡ ሦስትና አራት ልጆች አንድ ክፍል ይይዛሉ፤ አንዱ የአንዱ የአጎት ልጅ ነው፤ የአንዱ አባት ጤፍና ሽሮ፣ የአንዷ እናት ድርቆሽና በሶ ያመጣሉ። ትልቁ ትምህርቱን ሲጨርስ ክፍሉን ታናሹ ይወርሳል። ከጮቄ ሥር የመጡ ልጆች በአንድ መንገድ ዳር፣ ከማቻከል የመጡ በሌላው የሚገኙት እንዲህ ነው። ማንም አላቀደውም፤ አንዱ ሲቀመጥ ሌላው ተከተለ።

የማኅበር ቤት ደግሞ ተቃራኒው ነው። መምህራን ወይም የአንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞች ተደራጅተው ቦታ ይመሩና ጎን ለጎን ይሠራሉ። ጎረቤቱ የሥራ ባልደረባ ነው፤ እድሩም እንደዚያው። «ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት» የሚለው አነጋገር እንደነዚህ ባሉ ሰፈሮች ሕይወት ያገኛል። በዚያ ያደጉ ልጆች «አገራችሁ የት ነው?» ሲባሉ የአባታቸውን ወረዳ ሳይሆን ሰፈራቸውን ይጠራሉ። የከተማ ሰፈር የዘመድነትን ሥራ ሊሠራ እንደሚችል የማኅበር ቤት ማስረጃ ነው፤ የሚሠራው ግን ሰዎቹ አብረው ለመኖር መርጠው ስለመጡ ነው።

ስለ አዲስ አበባ ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ሕጉ አንድ ነው። ጎጃም በረንዳ የሚባለው ሰፈር ስሙን ያገኘው በከንቱ አይደለም። ከምሥራቅ ጎጃም ሄደው ሎተሪ የሚያዞሩ ወጣቶች ብዙዎቹ የሚያድሩት ቀድሞ ከመጣ የአገራቸው ልጅ ጋር ነው፤ የጋሞ ሸማኔዎች ሽሮ ሜዳ የተሰባሰቡትም በዚሁ መንገድ ነው። ይህን ትስስር የበጠሰው ዕጣ ነው። ከ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ወዲህ ኮንዶሚኒየም ሲታደል የቆየው በዕጣ ነበር፤ እናት ጀሞ፣ ልጅ የካ አባዶ ይደርሳቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ ከመሐል ከተማ የተነሡ ነዋሪዎችም ወደ ዳር ሲዛወሩ ቤትናል ግሪን ላይ የታየው ሁሉ ተደገመ፦ ንጹሕ ቤት፣ የራቀች እናት፣ የተበተነ እድር። ልዩነቱ እንግሊዞቹ የጡረታና የሕክምና ዋስትና የነበራቸው መሆኑ ነው። የእኛ ሰው ሲታመም የሚያስታምመው፣ ሲሞት የሚያነሣው እድሩና ዘመዱ ነው።

ሕመምና ሞትን ካነሣን አይቀር፣ ብዙ የከተማ ልጆች ያረጀች እናታቸውን ወደ ደብረ ማርቆስ ለማምጣት ይሞክራሉ። ሐኪም ቅርብ ነው፣ ውኃው ግቢ ውስጥ ነው። እናቲቱ አንድ ክረምት ትቀመጥና ትመለሳለች። ሰንበቴዋ፣ የጽዋ ማኅበሯ፣ ባሏ የተቀበረበት ደብር እዚያ ናቸው። ከተማ ውስጥ የልጇ እንግዳ ናት፤ ጎጧ ውስጥ ሰው ናት። በእርጅና ጊዜ መኖሪያን የሚወስነው ሕያው ዘመድ ብቻ አይደለም፤ መቃብርም ነው። ልጆች ይህን እልኸኝነት ይሉታል። እኔ ግን ከሁላችንም የተሻለ ያሰላችው እርሷ ትመስለኛለች።

ዓባይን ተሻግረው ምሥራቅ ወለጋና ሆሮ ጉድሩ የሰፈሩ የጎጃም ሰዎች ታሪክ ሁሉንም ነገር በአንድ ላይ ያሳያል። አያቶቻቸው መሬት ሲጠባቸው በዘመድ ተጠራርተው ተሻገሩ። በቅርብ ዓመታት በደረሰው ግድያና መፈናቀል የልጅ ልጆቻቸው ወደ ጎጃም ሲመለሱ፣ ብዙዎች መጀመሪያ የፈለጉት የአያታቸውን ወገን ነበር። ዘመድ ተገኘ፤ በእንግድነት ተቀበለ፤ ያለውን አካፈለ። መሬት ግን የለም። በርስት ዘመን ቢሆን ይህ ሰው በአያቱ ስም ድርሻ ጠይቆ፣ ተሟግቶ፣ ምናልባትም አግኝቶ ይቀመጥ ነበር። ዛሬ «አያቴ የዚህ አገር ሰው ነው» ለሚል መሬት የሚሰጥ ሕግ የለም። ዘመድ ሰውን ሊያሳድር ይችላል፤ ሊያኖር ግን አቅም የለውም። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ የቀጠለው ግጭት ደግሞ መንገድ እየዘጋ ስንቁንም፣ ጥየቃውንም፣ ለቅሶ መድረሱንም አስተጓጎለው። ለዘመናት በገበያ ቀን ሲሠራ የኖረው የገጠርና የከተማ ትስስር ምን ያህል በአንድ መንገድ ላይ የተንጠለጠለ እንደነበር አሁን ታየ።

የቀረው ጉዳይ የከተማው መስፋፋት ነው፤ በእኔ አመለካከት አሁን ልንሠራበት የምንችለውም እርሱ ነው። ደብረ ማርቆስ እየሰፋች በጎዛምን ወረዳ ገበሬ ማሳ ላይ ትገባለች። የካሣ ሕጉ ተሻሽሏል፤ በ1997ቱ አዋጅ ቁጥር 455 የዓመት ገቢው 10 እጥፍ ይከፈለው የነበረ ተነሺ በ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1161 መሠረት 15 እጥፍ ይከፈለዋል። ገንዘቡ ይህን ያህል ይሁን እንጂ፣ የሚሰጠው ለየሰው ነው። ወንፈሉ፣ እድሩ፣ ሰንበቴው፣ የጧሪ ቀባሪው ውል በካሣ ቅጹ ላይ ዓምድ የላቸውም። ገንዘቡ ሲያልቅ ገበሬው የሚፈልገው እነዚያን ነው፤ ያን ጊዜ ግን ጎረቤቱ በሌላ ሰፈር፣ ወንድሙ በሌላ ጥግ ተመርቷል።

ስለዚህ ለከተማ አስተዳደሩና ለክልሉ የመሬት ቢሮ የምጠይቀው አዲስ በጀት የማይፈልግ ነገር ነው። ምትክ ቦታ ለተነሺ ገበሬዎች ሲሰጥ ዕጣው በግለሰብ ስም ሳይሆን በጎጥና በእድር ይውጣ፤ አብረው የኖሩ አብረው ይመሩ። በየሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ አቅራቢያም ለገጠር ተማሪዎች ማደሪያ የሚሆን ቦታ በፕላን ይከለል። የመሥሪያ ቤት ሠራተኛ ተደራጅቶ ጎን ለጎን ቦታ ማግኘት ከቻለ፣ መሬቱን ለከተማዋ የለቀቀ ገበሬ ይህ የሚከለከልበት ምክንያት የለም።